ስምህ ስንት ነው?

የሻው የሠራት ሰሌዳ ዛሬ የአህያ በረት መዝጊያ ናት። ምስማሮቿን ነቅለው ወስደዋቸዋል፤ የቀሩት ቀዳዳዎቹ ናቸው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የምን ቀዳዳ እንደሆነ አይጠይቅም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው አለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

የሻው ጎንደር ውስጥ በአቶ ክንዱ የጭነት መጋዘን ዕቃ ጠባቂ ነበር። እኔ ተሸካሚ ነበርኩ። ከአስመራ የሚመጡት የጭነት ማኪናዎች ሊማሊሞን ወጥተው፣ በደባርቅና በዳባት አልፈው፣ የሚያራግፉት እኛ ግቢ ነበር። የነጋዴው ጨርቅም ሆነ ዘመድ ለዘመድ የላከው ጥቅል እዚያ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ መጥቶ ስሙን ይናገርና ይወስዳል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን እኛ አገር አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም። እናቱ ያወጣችለት አለ፣ ሲጠመቅ ቄስ የሰጠው አለ፣ ገበያ ላይ የወጣለትም አለ። ላኪው በአንዱ ይልካል፣ ተቀባዩ በሌላው ይጠይቃል፣ ዕቃው መካከል ላይ አቧራ ይጠጣል።

የሻው በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሲላላክ፣ መፍቻውና መዶሻው ሁሉ ግድግዳው ላይ ጥላው ተስሎለት አይቷል። የጎደለው ባዶ ጥላውን ትቶ ይታወቃል። ይህን ሳይረሳ ቆይቶ፣ መጋዘኑ ውስጥ ሲቀጠር አንድ የዋንዛ ሳንቃ ጠርቦ ምስማር በምስማር አደረገው። አንዱ ረድፍ ዳባት፣ አንዱ ደባርቅ፣ አንዱ ሳንጃ፣ አንዱ አዘዞ። የጎንደር ከተማ ክርስቲያን በታቦቱ፣ እስላሙ ነጋዴ በሱቁ ሰፈር ተመድቧል። ጥቅል በገባ ቁጥር ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠች ምልክት በረድፏ ትንጠለጠላለች። በክርስትና ስም ብቻ የመጣ ጥቅል ከሆነ ምልክቷ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ቀዩ ክር፣ ሳትጠይቅ ሰው አትመልስ ማለት ነው።

ሰው ሲመጣ የሻው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አገርህ ወይም ታቦትህ? ላኪህ ማነው? ስምህ ስንት ነው?

ባላገሩ በሦስተኛው ይስቃል። «ምነው አያ፣ ስም ደግሞ እንደ በግ ይቆጠራል?»

«ቁጠርልኝ ብቻ» ይላል የሻው፣ ሳይስቅ።

የጨርቅ ነጋዴው ዐብዱረሕማን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው። «የእኔ ስም አንድ ነው። ግን እዚሁ ገበያ ለአራት እንካፈለዋለን፤ ዛሬ ተራው የማን እንደሆነ እንጃ።»

አምስት ዓመት ያለ ዕቃው የተመለሰ ሰው አላየሁም። ሰሌዳዋ ለእኛ ግቢ፣ ለእኛ ሰው፣ በእኛ ስም አጠራር ልክ የተሰፋች ነበረች። ሌላ ቦታ ብትወሰድ ማገዶ ናት። እኛ ዘንድ ግን ከአስር ጸሐፊ ትበልጥ ነበር።

በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት አቶ ክንዱ ከአስመራ አንድ ትልቅ መዝገብ ይዘው መጡ። ጀርባው ቆዳ፣ ወረቀቱ የታተመ። ለባሕር ወደብ መጋዘን የተዘጋጀ ነበር፤ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ክብደት፣ የመርከቡ ስም ይላል። አዎ፣ የመርከቡ ስም። እዚያ ላይ የማኪናውን ታርጋ ጻፉበት። ከመዝገቡ ጋር ወልደ ዮሐንስ የሚባል ትምህርት የቀመሰ ጸሐፊ ተቀጠረ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚጽፈው ግን ዓምዱ የጠየቀውን ብቻ ነበር።

የሻው ሁለት ቀን አገላብጦ አየውና አቶ ክንዱ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንድ መስመር ይጨመርበት። የክርስትና ስም የሚጻፍበት። ላኪም የለበትም።»

«ፈረንጅ ያልጨመረውን አንተ ልትጨምር?»

«እሱ መርከብ ለሚያራግፍ ሰው የሠራው ነው ጌታዬ። እኛ ዘንድ የመጣ መርከብ የለም።»

ሁላችንም ሳቅን። አቶ ክንዱ አልሳቁም። «ይኼ ሸጋ የታተመ መዝገብ እያለ በቆርቆሮ ስትጫወት ሰው ቢያየን ምን ይላል? ከዛሬ ጀምሮ በር ትጠብቃለህ። ደንበኛ ደግሞ እንዳታነጋግር።»

ሰሌዳዋ ከግድግዳ ወረደች።

በዓመቱ በኅዳር ፋንታሁን የሚባል ገበሬ ከዳባት ወዲያ ካለው ደጋ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣ። ሚስቱ ወለላ ሳንባዋን ታማለች። አስመራ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት አጎቷ መርፌ መድኃኒት እንደሚልኩ አስነግረዋል፤ ዳባት ያለው ድሬሰርም ይዘህ ና፣ እኔ እወጋታለሁ ብሎታል። የቀረው መድኃኒቱን መውሰድ ብቻ ነው።

«ለወለላ መኮንን የተላከ ነበር» አለ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

ወልደ ዮሐንስ ጣቱን በስም ዓምድ ላይ አወረደ። «ወለላ የሚባል የለም።»

«ከአጎቷ ነው፤ ከአስመራ።»

«የላኪ ዓምድ የለውም ወንድሜ። ምናልባት በሚቀጥለው ማኪና ይመጣል።»

ፋንታሁን ባዶ እጁን ወጣ። የሻው በሩ ላይ ቆሞ እጁን አየው። ከንፈሩ ሲላወስ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ አቶ ክንዱ መስኮት ዞር ብሎ ተመለከተና ዝም አለ። እኔም ከረጢት ተሸክሜ አየሁት፤ እኔም ዝም አልኩ። የእኔ ሥራ አይደለም አልኩ። እንዲህ እያልን ነው የምንኖረው።

ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ፋንታሁን እንደገና መጣ። ጉንጩ ገብቷል። ወልደ ዮሐንስ አሁንም ወለላ የሚለውን ፈለገ፤ በ«ወ» የሚጀምሩትን ሁሉ እየነካ አለፈ። የለም። ፋንታሁን ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ማኪናው እኮ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። የሻው ደጁን ከፈተለት።

በሦስተኛው ሲመጣ የገና ጾም እየተጋመሰ ነበር። ራሱን ተላጭቷል። ወደ ጸሐፊው አልሄደም፤ በሩ ላይ የሻው አጠገብ ቆመ።

«አያ፣ ወደ አስመራ የሚሄድ ሾፌር አለ? ለአጎቷ መርዶ የሚያደርስልኝ።»

የሻው ገባው። ነፍስ ይማር አለና፣ ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ይዞት የከረመውን ጠየቀ። «ስሟ ስንት ነበር?»

ፋንታሁን አልሳቀም። «እኛ ወለላ ነው የምንላት። ቄሱ ፍትሐቷ ላይ ወለተሩፋኤል አሏት። አጎቷም እንዲያ ነበር የሚጠሯት፤ ክርስትና ስትነሣ እሳቸውም እዚያ ነበሩ።»

የሻው የተከለከለውን ደጃፍ አልፎ ገባ። ወልደ ዮሐንስን ከመንገድ በክንዱ ገፋ አድርጎ ወደ መደርደሪያው ሄደ። እኔ ተከተልኩት። ጥቅሏ ሁለተኛው እርከን ላይ ነበረች፤ የጡብ ያህል፣ በነጭ ጨርቅ የተሰፋች። «ለወለተሩፋኤል፣ ዳባት» ይላል። መዝገቡም በትክክል ጽፏታል፤ የገባችበት ቀን ፋንታሁን መጀመሪያ ከመጣበት በአራት ቀን ይቀድማል። የወልደ ዮሐንስ ጣት ሁለት ጊዜ ነክቷት አልፏል።

የሻው ጥቅሏን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ፋንታሁን ጽሕፈቱን ማንበብ አይችልም፤ ግን ያየው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ አስረጂ አላስፈለገውም።

«እዚህ ነበረች?»

«እዚሁ ነበረች።»

«ማንም እኮ አልጠየቀኝም» አለ ፋንታሁን። «ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።»

ጥቅሏን አልተቀበለም። ለማን ልውሰዳት አለና ሄደ። አቶ ክንዱ በማግሥቱ ጥቅሏ ለላኪው እንድትመለስ አዘዙ። መዝገቡ የላኪ ዓምድ ስላልነበረው ለማን እንደምትመለስ አልተጻፈም፤ ከሳቸው በቀር ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። መስመርም አልተጨመረም። መጋዘኑ እስኪዘጋ ድረስ የመርከቡ ስም በሚለው ላይ ታርጋ ሲጻፍ ኖረ።

የሻው በዚያው ወር ሥራውን ተወ። ዘመድ አልነበረውም። ቅዳሜ ገበያ ዳር ተቀምጦ አላፊውን ሁሉ «ስምህ ስንት ነው?» ይል ጀመር፤ ሰውም አበደ ብሎ ሳቀበት። አላበደም። በሚቀጥለው ክረምት በብርድ ታሞ ሞተ። የንስሐ አባቱ አገር ቤት ሄደው ስለነበር፣ ለፍትሐቱ የመጡት ሌላ ቄስ ነበሩ። መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ ከሬሳው ዙሪያ ወደ ቆምነው ሰባት ተሸካሚዎች ዞሩ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ስድስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። አልጠየቅሁትም።