ንጹሕ መዳብ ብዬ ያቆምኩት ወፍጮ

ማክሰኞ ጠዋት ከሶዶ ወደ ቤሌ የተነሣሁት ጥፋቴን ላርም ነው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ አምስት ቀን ሲቀረው የእህቴ የአበበች ወፍጮ ቆሟል። ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቀለበት ከወር በፊት ሶዶ አሠርቼ የላክሁላት እኔ ነኝ።

እኛ ቅቤ ስንገዛ አሽትተን፣ ቀምሰን፣ ድብልቅ ከሆነ ጥለን የምንሄድ ሰዎች ነን። ብረት አቅላጩ ጋሽ አንጁሎ መዳቡ ላይ ቆርቆሮ ሊጨምር ሲል ታዲያ ሊያታልለኝ መሰለኝ። "ንጹሕ መዳብ ብቻ!" ብዬ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ቢያስጠነቅቀኝም አልሰማሁም። ቀለበቱ በሦስት ሳምንት ተበልቶ አለቀ። አበበች "ያ ሌባ አቅላጭ" እያለች በቤሌ ገበያ ስሙን እንደምታነሣ ሰምቼ ዝም አልኩ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

1፡00፣ ሶዶ

ጋሽ አንጁሎ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቀይጦ የሠራውን አዲስ የነሐስ ቀለበት በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"ቆርቆሮ ከመዳብም ይለሰልሳል። ታዲያ እንዴት ያጠነክረዋል?" አልኩት።

"ኬሚስትሪ አስተማሪዋ ልጄ ናት ያስረዳችኝ። የመዳብ ቅንጣቶች እኩል እኩል ናቸው፣ በረድፍ ነው ያሉት። ስትጫነው አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። የቆርቆሮ ቅንጣት ግን ትልቅ ናት፤ መሃል ስትገባ ረድፉ ይጎብጣል። እንደ ልብ መንሸራተት የለም።"

2፡00፣ መንገድ

ሚኒባሱ የዳሞታን ተራራ ከኋላ ትቶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወረደ። ግራ ቀኙ እንሰትና በቆሎ ነው። አንድ ፌርማታ ላይ ቅቅል በቆሎ ገዛሁ፤ ግማሹን እንኳ መብላት አቃተኝ።

4፡30፣ ቤሌ

ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ያ ሌባ ደግሞ ምን ሰጠህ?" አለች አበበች።

ቀለበቱን ለወፍጮ ቤቱ መካኒክ ሰጠሁት፤ ገጠመው። ወፍጮው ተነሣ፤ ሴቶቹ አጨበጨቡ። አሁንም ዝም ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ ፈልጌም ነበር።

"አንዴ አጥፉት!" አልኩ። ጸጥ ሲል፣ "ሌባው አንጁሎ አይደለም። ቆርቆሮ እንዳይገባ የከለከልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

አበበች አንገቷን ደፋች። አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ጨረስክ? በል ያስነሡት፣ ይመሻል" አሉ።

ስሰናበት አበበች አንድ ፌስታል ዱቄት አስያዘችኝ። "ለጋሽ አንጁሎ" አለች።

11፡00፣ ሶዶ

ያልተቀላቀለ ሁሉ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። ይህ ለመዳብ እንደማይሠራ አወቅሁ፤ ያላወቅሁትን በድፍረት መናገሬም ሰው እንደሚጎዳ።

ቤቴ ሳልገባ ዱቄቱን አደረስኩ። በሰው ፊት ያልኩትንም ነገርኩት። ጋሽ አንጁሎ ዱቄቱን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው።

"ልሟል" አለ፤ ወንበርም ሳበልኝ።