የሙክት ጥንቸል ቀለብ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ የጥንቸል እንክብል መኖ ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ባለሱቁ የከረጢቱን አፍ ሲፈታልኝ የፋጉሎ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሰሊጥ ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው በገንዳ ውሃ ከተማ ላደግሁት ለእኔ የአባቴ ሽታ ነው፤ ዘይት መጭመቂያ ቤት ይሠራ ስለነበር ማታ ሲገባ ልብሱ ሁሉ እሱን እሱን ይል ነበር።

እናቴ ለሥራ ወደ ሱዳን ከተሻገረች ወዲህ ቤቱ የእኔና የአባቴ ብቻ ነበር። እሱ በጠዋት ይወጣ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ በዚያ በበጋው ግለት ቆርቆሮው ሲንጣጣ እየሰማሁ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። ማታ ስንገናኝም ሁለታችንም ወሬ አናውቅበትም። እንዲህ ሆነን ሳለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከወዲያ ማዶ ጥንቸል አምጥቶ ለአባቴ ሰጠው፤ ሹፌሩ ጥንቸል ለማለት በዐረብኛ «አርነብ» ስላለው ስሙ አርነብ ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ አርነብ ጎረመሰና ምንጣፌ ላይ ሽንቱን ይረጭ ጀመር፣ አባቴም እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዶ አስኮላሸው። ነገር የተበላሸው ይሄኔ ነው። በእኛ አገር የተኮላሸ ሙክት ነው፣ ሙክት ደግሞ ይቀለባል። አባቴ ፋጉሎ በፌስታል ይዞ ይመጣ፣ እኔ ማሽላ እጨምርበት፣ አርነብም ጠግቦ ጭኔ ላይ ይተኛ ነበር። የክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ መዝለል አቃተው።

ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ፣ «ጋሼ፣ ከተኮላሸ ወዲያ እኮ ቶሎ ነው የሚሰባ። ሳር ይብላ። ፋጉሎና ማሽላ ከቀመሰ ይሞትብዎታል» አለው። እሺ ብለን ተመለስን።

እኔ ግን አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ድረስ መጥቶ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እጄን አሽትቶ ባዶ ሲያገኘው ጀርባውን ሲሰጠኝ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ማሽላ እዘግንለት ነበር።

ሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ከተማው በቀን ሠራተኛ ሲጨናነቅ፣ አንድ ጠዋት በሚያድርበት ሣጥን ውስጥ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት! ተደብቄ ማሽላ እሰጠው ነበር» ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ ከሸሚዙ ኪስ የፋጉሎ ፍርፋሪ አውጥቶ አሳየኝ። «እኔም ጠዋት ጠዋት አንች ሳትነሽ እሰጠው ነበር፣ ልጄ። የማወራው ከሱ ጋር ነበር።»

ከጓሮ ቀበርነው፤ ከዚያ እሱ ወደ ሥራው፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ ሄድን።

ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም። ጎንደር በተከራየሁት ቤት እኔና አንድ የተኮላሸ ጥንቸል እንኖራለን። ከረጢቱን አገላብጬ አነብና ሳሩ የበዛውን፣ እህልና ቅባቱ ያነሰውን እመርጣለሁ፣ ጠዋት በቡና ስኒ ሰፍሬ እሰጠዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ይበላል። አልወፈረም፣ እንደ ልቡ ይዘላል። ማታ ከሥራ ስገባ ግን ሳላስበው ሳህኑን አያለሁ። ከሰፈርኩለት በላይ አንዲት ፍሬ አይገኝበትም፤ ከእኔ ተደብቆ የሚጨምርለት ሰው የለም።