በግቢ ውስጥ የወረደው ካምቢዮ

ከንጋት በፊት ዳቦ መጫን። ለሱቆች ማከፋፈል። ባዶ ሳጥን መሰብሰብ። ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ። አማትን ሐኪም ቤት መውሰድ። የሞተሩን ዘይት መለካት።

የዳቦ አከፋፋይዋ የዕለት ሥራ ይኸው ነበር፤ አንዱም ያለ አሮጌዋ የዕቃ መኪና አይሆንላትም። መኪናዋ የተገዛችው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ባበደረው ገንዘብ ነው። ወር በገባ ቁጥር ትከፍላለች፤ አንድ ወር ከዘለለች ግን መኪናዋ የእሱ ትሆናለች። ዝምድና በዚያ ውል ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። የመጨረሻው ክፍያ ብቻ ሲቀር፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ይንጠባጠብ ጀመር። ውሎ አድሮም ፍሪሲዮኑን አራሰውና እያንሸራተተው መኪናዋ ዳገት እምቢ አለች።

ጋራዡ የጠራው ዋጋ የወሩን ክፍያ የሚውጥ ነበር። ባሏ መካኒክ ሳለ ለዓመታት መብራት ይዛለታለች፤ መፍቻዎቹም አሁን የእሷ ናቸው። ስለዚህ በሞተሩ ዋና ዘንግ የኋላ ጫፍ ዙሪያ ተቀምጦ ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ብቻ ገዝታ መጣች። መኪናዋን በወፍራም የግንድ ጉማጆች ላይ አሳርፋም ከሥሯ ገባች።

አበዳሪው ወሬውን ሰምቶ መጣ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ካምቢዮ ድስት መሰለሽ እንዴ የምታወርጂው?”

“ድስትማ ቢሆን እርስዎ ቀድመው ማዕድ ይቀርቡ ነበር፣ ጋሼ።”

በረንዳው ላይ የተቀመጡት አማቷ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።

“እማዬ፣ አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ?”

“እኔ ከመኪናዋ ጋር ነኝ። ሐኪም ቤት አንተ አዝለህ ልትወስደኝ ነው?”

ካምቢዮውን በገመድ አወረደች፤ ፍሪሲዮኑን ፈትታ በቤንዚን አጠበች፤ የደረቀውንም የጎማ ቀለበት አወጣች። ይህች ሴት በቤቷ ማንኪያ እንኳ ከቦታው ፈቀቅ እንዲል አትፈቅድም። አዲሱንም ቀለበት በዚያው ልማድ፣ አሮጌው በነበረበት ጥልቀት ልክ አስቀመጠችው። ሁሉን ገጥማ ሞተሩን ብታስነሳ ዘይቱ እንደገና ጠብ አለ።

“አላልኩሽም? በይ ቁልፉን ወዲህ።”

“ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ወሩም ገና አልገባም።”

ካምቢዮውን ዳግመኛ አወረደችው። ዘንጉን ወልውላ ጥፍሯን ብታንሸራትትበት ያዝ አደረጋት፤ አሮጌው ቀለበት ለዓመታት እያሻሸ ቀጭን ቦይ አበጅቶበት ኖሯል። አዲሱን ያሳረፈችው እዚያው ቦይ ላይ ነበር። ሌላ ቀለበት ገዛች፤ ከንፈሩን ዘይት ቀባች፤ ዙሪያውንም በእንጨት እኩል እያንኳኳች፣ ከቀድሞው ጥቂት ወደ ውስጥ አሳልፋ ባልተበላው ብረት ላይ አስቀመጠችው።

“ኧረ ከቦታው አሳለፍሽው!” አለ ጎንበስ ብሎ የሚያያት ባላንጣዋ።

“ቦታው አርጅቷል፤ ለወጥኩለት።”

ሁሉን መልሳ ገጠመችና ሞተሩን አስነሳች። ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አነጠፈች። ሞተሩ ሞቀ፣ ጋለ፤ ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ሰውየው እጁን ሰዶ የመጋጠሚያውን ሥር ዳሰሰና ጣቱን አየ።

“ነገም ይታያል” አለ።

“ነገማ ዳቦ አለብኝ። እይታው ካማረዎት በማለዳ ይምጡ፤ ሳጥን ያሸክሙኛል።”

አልመጣም። ዳቦው ግን በሰዓቱ ደረሰ፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ወር ሲገባ ቤቱ ሄዳ የመጨረሻውን ክፍያ በእጁ ሰጠችው። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።