እናቴ ዱቦ የሰማችው ልቦለድ

ልጅ እያለሁ የእናቴን ዘንቢል ተደብቄ የመፈተሽ አመል ነበረኝ። የጀመርኩት ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ አስቴር ማክሰኞና ዓርብ ከሶዶ ወደ ዱቦ እየሄደች፣ ሚስ ማርግሬት ለምትባል እንግሊዛዊት ልብስ ታጥብና ትተኩስ ነበር። ሚስ ማርግሬት ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ለነርሶች እንግሊዝኛ ለማስተማር በበጎ ፈቃድ የመጣች ሴት ናት። እናቴ ከዚያ ስትመለስ ቀሚሷ የከሰል ካውያና እኛ ቤት የማይገባ የአበባ ሳሙና ይሸት ነበር። ያን ሽታ እወደው ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ግን ሌላ ሽታ ተጨመረበት፤ እርጥበት የያዘ የድሮ ወረቀት ሽታ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔ አይደለሁም። ጎረቤታችን ወይዘሮ አማረች ናት። አንድ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር ደጃችን ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት አጥሩን ተደግፋ፣ «እናትሽ ዘጠኝ ሰዓት ትገባ አልነበር? አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚያደርሳት ምንድነው? የአንዲት አሮጊት ልብስ ይሄን ያህል ነው?» አለችኝ። በአንድ እግሬ እንደቆምኩ ቀረሁ። ተራዬ አለፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን እንደ ሌባ ጠባቂ እከታተላት ነበር። ለእራት የሚቀቀል ቦዬ ስትልጥ ብቻዋን በእንግሊዝኛ ታጉተመትማለች፤ ስገባ ዝም ትላለች። «ምንድነው የምትይው?» ስላት፣ «ምንም፤ ይልቅ ውኃ ቅጂልኝ» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ካውያውን እንደያዘች ቆማ አንድ ነገር የተከራከረች ይመስል ራሷን ትነቀንቃለች። በሰፈራችን ፈረንጅ የወደደውን ይዞ ይሄዳል ይባል ነበር። ማንን ይዞ እንደሄደ የሚናገር ሰው ግን አልነበረም።

አባቴ በዴሳ በምትባል ከተማ እህል ይነግድ ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በቆሎ ሲገዛ ክንዱን እስከ ብብቱ ጆንያው ውስጥ ከትቶ ከሥር ያለውን ዘግኖ ካላሸተተ አይከፍልም። «ከላይ ያለው ሁሌም ጥሩ ነው» ይላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላት ቆጥሬ አልዘልቀውም። እኔም የሱ ልጅ ነኝ፤ እጄን እስከ ዘንቢሉ ሥር ከተትኩ።

በመሐረብ የተጠቀለለ ሳሙና ነበር፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት። ጽሑፉ የእናቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ስታገባ ትምህርቷን ያቆመች ሴት በመሆኗ ፊደሏ የተማሪ ፊደል ነበር፤ ትልልቅና ቀጥ ያለ። አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ። መዝገበ ቃላቴን ይዤ ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩና ቃል በቃል ፈታሁት፦ «አገሬን ትቼ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ።»

እንግሊዝኛ አንተንና አንቺን አይለይም። እኔ ነኝ ከጥርጣሬዬ ጋር የሚስማማውን የመረጥኩት።

ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጥቼው የተጻፈውን ነገርኩት። አልተቆጣም። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና «ለሷ እንዳትነግሪ» አለኝ። ሰኞ ወደ በዴሳ አልሄደም። እናቴ ስትጠይቀው ወገቤን አሞኛል አላት፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ ወገቡን በሞቀ ጨርቅ ስትተኩስለት ሰነበተች። እኔ ያንን ላለማየት እራቴን ይዤ ጓሮ እወጣ ነበር።

ዓርብ ዕለት እናቴ ከወጣች በኋላ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይዞኝ ሄደ። «እንግሊዝኛውን የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከሚኒባሱ ወርደን ቀሪውን በእግራችን ሄድን። የሚስ ማርግሬት ቤት አጥሩ አጭር ነው። ገና ከበሩ ሳንደርስ የእናቴ ድምፅ ተሰማን። ጮክ ብላ ነው የምትናገረው።

በረንዳው ላይ የተተኮሰው ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቴ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሚስ ማርግሬት ደግሞ ጭኗ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ዘርግታ ለእናቴ ሻይ ትቀዳለች። አባቴ ይህን ሲያይ ቆመ። አሠሪ ለሠራተኛዋ ሻይ ስትቀዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። የሚነጋገሩት ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነበር።

«ቆይ፤ ሻይ የሚያመጣው ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለች እናቴ።

«የቱ?»

«አሽከሩ ነዋ። በየገጹ ሻይ ይዞ ይመጣል።»

ሚስ ማርግሬት ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጠች ፈለገች። «ስም የለውም» አለች በመጨረሻ። «‘ልጅ’ ነው የሚሉት።»

«ጺሙ ሸብቷል ብለሽ አነበብሽልኝ አይደል? ጺሙ የሸበተ ሰው ልጅ ይባላል?» እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። «ይህን መጽሐፍ ስንቴ አነበብሽው?»

«አራቴ።»

«አራቴ ስታነቢው ስሙን አልፈለግሽም?»

የሚስ ማርግሬት አንገት ቀላ። እኔ የተጣሉ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ከተጣሉማ አብራት አትሄድም ብዬ። አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁለቱም ዞሩ። እናቴ ከወንበሩ ዘላ ተነሳች።

«ሥራ ላይ ነኝ አላልሽኝም?» አላት።

«ሥራዬን ጨርሼ ነው። ያውልህ ልብሱ።»

ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሚስ ማርግሬት ዘረጋላት። አነበበችና ግራ ተጋብታ እናቴን አየቻት፤ ወዲያው ገባትና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ታስረዳው ጀመር። እንግሊዞች በያዙት አገር የተወለደች አንዲት ልጅ፣ ለእንግሊዛዊው መኮንን ፍቅረኛዋ የተናገረችው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

«አንቺስ ለምን ጻፍሽው?» አላት አባቴ እናቴን።

«ስለከነከነኝ። አገሯን ትታ ስትሄድ እናት የላትም? ተይ የሚላት ሰው የለም? መንገድ ላይ ላስብበት ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አባቴ ወደ ሚስ ማርግሬት ዞሮ «ሄደች?» አላት።

«ሄደች።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«አገሩ ሲገባ ሌላ ሴት አገባ።»

«ይኸው!» አለ አባቴ። «ያልጠረጠረ …»

«መጨረሻውን ነገርሽው!» ብላ ጮኸች እናቴ፣ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ። «ገና ግማሹ ላይ ነበርን እኮ!»

ሚስ ማርግሬት አፏን በእጇ ከደነች። አባቴ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ጊዜ ግን እናቴ «ወረቀቱን ከየት አገኘኸው?» አለችው። አባቴ ትከሻዬ ላይ የነበረውን እጁን አነሳ። እናቴ እኔን አየችኝ። ዛሬም ድረስ የዚያን ዓይን ስም አላውቀውም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ አምኜሻለሁ፤ ሰው ግን አያምንም» አላት። ንባባቸው በዚሁ አለቀ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቤት ነበረች። እኔን አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ዘንቢሏን ግን እጄ እንዳይደርስ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ከዱላ በላይ አመመኝ። በዓመቱ ሚስ ማርግሬት መጽሐፏን ይዛ አገሯ ገባች።

አሁን እኔ ራሴ ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አባቴ ካረፈ ቆየ። እናቴ የመጽሐፉን ርዕስ አታስታውስም፤ ሽፋኑ አረንጓዴ እንደነበር ብቻ ነው የምታውቀው። እንግሊዞች የሰው አገር ይገዙ የነበረበትን ዘመን ልቦለዶች ባገኘሁ ቁጥር እያመጣሁ እሑድ እሑድ አነብላታለሁ። ሁሉም ውስጥ በረንዳ አለ፤ ሁሉም ውስጥ የሚወድና የሚከዳ መኮንን አለ። ገና ሦስት ገጽ ሳልሄድ ታቋርጠኛለች። «ይህ አይደለም» ትላለች፤ ቀጥላም «ግን አንብቢ፤ ይህ ሰውዬ አልጣመኝም።» ብዙ ጊዜ ጥርጣሬዋ ትክክል ነው።

ያኔ አንድ መስመር ጽሑፍ አባቴን ከገበያው አስቀርቶ ዱቦ ድረስ አስኬደው። ዛሬ መጽሐፎቹን ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስሄድ ምን እንደማነብ የሚጠይቀኝ የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንዳንዴ ይከፋኛል።

ባለፈው እሑድ መጽሐፉን አጠፍኩና ለስንት ዓመት ያፈንኩትን አወጣሁት። «ያኔ ለአባባ ስለነገርኩብሽ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ዓይኗ ደክሟል፤ እኔ ወዳለሁበት ፊቷን አዞረች። «ለሱ ስለነገርሽው አይደለም ያዘንኩት» አለችኝ። «መጀመሪያ እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ፣ ማታ ማታ እተርክልሽ ነበር።»