አዲሶቹ ጎማዎች ከፊት

በእኛ ሸለቆ ጎማን በሌላ ሰው ማስቀየር ያሳፍራል። ጥቅምት መጥቶ በረዶ ሊጥል ሲል፣ እዚህ የግሎማ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ክሪኩን ይዞ ግቢው ውስጥ ይንበረከካል፤ ጎረቤት በአጥር በኩል አይቶ ይፈርዳል። የእህቴ የሲግሩን ባል ኦድቫር ደግሞ በዚህ ነገር ከእሱ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለውም። የቤታቸውን መኪና የምትነዳት ግን ሲግሩን ናት። ነርስ ናት፤ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሽማግሌዎች በየመንደሩ እየዞረች ታክማለች።

ዘንድሮ ኦድቫር ሁለት አዳዲስ ባለ ሚስማር የበረዶ ጎማዎች ገዛ። አሮጌዎቹ ጥርሳቸው ቢያልቅም "አንድ የበረዶ ወቅት ያዘልቃሉ" ብሎ ከኋላ አሰራቸው።

"ኦድቫር፣ አዲሶቹን ወደ ኋላ አድርጋቸው። ሻጩም እንደዚያ ብሎሃል" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! መኪናዋ የምትጎተተው በፊት ጎማዋ ነው። ፈረስ ከጋሪ ኋላ ይታሰራል እንዴ?"

"ፊቱ ቢንሸራተት ሲግሩን በመሪ ትመልሰዋለች። ኋላው ከሸሸ በምን ትይዘዋለች?"

"እናንተ እህትማማቾች ምላስ እንጂ ብሎን አታውቁም!"

ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ተውኩት።

በኅዳር፣ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ የመኪናዋ ኋላ ከፊቷ ቀድሞ፣ ሲግሩን ከነመኪናዋ ዞራ የበረዶ ክምር ውስጥ ገባች። ኦድቫር "ፍሬን ረግጣ ነው" አለ። በእራት ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ "ሚስቴ እኮ መንዳት አትችልም" እያለ ይስቃል። ይባስ ብሎ እሷም አመነችው። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን አንስታ መልሳ ታስቀምጠው ጀመር።

አንድ እሁድ "ኑ፣ አነዳድ ላሳያችሁ" አለን። ማንም ስላልተከተለው መኪናዋን አስነስቶ ብቻውን ወጣ። በእግሩ ተመለሰ፤ እስከ ደረቱ በረዶ ለብሷል። መኪናዋ እዚያው ኩርባ ላይ ቀርታለች።

"መንገዱ መስታወት ሆኗል" አለ።

በማግስቱ በትራክተር አስጎትቶ አመጣትና አዲሶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ አዛወራቸው። ከዚያ ፊቱ በርቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

"ሲግሩን! ነይ ሞክሪያት፤ አሁን ኋላዋ አይሸሽም!"

እህቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ አልዞረችም።

"አንተ ንዳት። እኔ መንዳት አልችልም አይደል? ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሥራዬን ለቀቅሁ።"