የቄስ አድማሴ መስኮት

ላሊበላ ውስጥ ሸጌ ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቷን የሚያሳያችሁ አታገኙም፤ «ቀዳጇ» ካላችሁ ግን እስከ ደጃፏ ይሸኟችኋል። ደህናውን ወረቀት ስትቀድ ለምትውል ሴት ሌላ ምን ስም ይውጣላት! በመቀስና በምላጭ የየቤተ ክርስቲያኑን መስኮት ከነጭ ወረቀት ትቆርጣለች፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ ለጥፋው ስታዩት ግን አፋችሁን ይዛችሁ ነው የምትቀሩ። ፈረንጅ በሚመጣበት ጊዜ ይገዟት ነበር። ፈረንጁ ቀረ፤ እሷ አልተወችም። «ምን ይሠራልሻል?» ሲሏት፣ «የቄስ ልጅ አይደለሁ? ወንድ ብሆን ድጓው ቅኔው ይደርሰኝ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ይኸ ነው» ትላለች።

አባቷ ቄስ አድማሴ ከዲቁና ጀምሮ ይምርሐነ ክርስቶስን ሲያገለግሉ ነው ያረጁት። ዓይናቸው ሲጠፋ ሸጌ ወደ ከተማ አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። የሚበሉትም የሚለብሱትም አልጎደለባቸውም፤ የጎደለባቸው ያ ዋሻ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልክ እንደ ሰው ይናፍቃቸው ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ለጨዋታ ብላ የቆረጠችውን መስኮት እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። በቀዳዳዎቹ ላይ ጣታቸውን ቀስ እያሉ አሳለፉና፣ «ወይ ጉድ! ይኸ በደቡቡ በር በኩል ያለው አይደለም እንዴ?» አሉ። እሱው ነበር። ሸጌ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ሲመቻት በሾፌሩ በሞላ መኪና ተሳፍራ፣ በብልባላ በኩል አድርጋ ትሄድና መስኮቱ ፊት ቁጭ ብላ እያየች ትቆርጣለች። ወረቀቱን አታጥፍም። አጥፎ መቁረጥማ ቀላል ነበር፤ ሩቡን ቆርጠው ሲዘረጉት አራቱም ማዕዘን እኩል ይወጣል። የጥንቱ ጠራቢ ግን በእጁ ነው የሠራው፤ አንዱ ጠበብ፣ አንዱ ሰፋ ያለ ነው። ቄስ አድማሴ ያመጣችውን እየዳበሱ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ወፍራም ነበር፤ አዎ፣ አልረሳሽውም! እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። አንድም ቀን ስህተት አግኝተውባት አያውቁም።

አንዱን መስኮት ብቻ ራሳቸው ከለከሏት። በሰሜን በኩል ያለውን፣ ዲያቆን ሳሉ ከቅዳሴ በኋላ ተደግፈውት የሚቆሙትን። «እሱን ለመጨረሻ አቆይልኝ፤ እንዳልጠግብ ፈርቼ ነው» ብለው ሳቁ።

ምነው ባላቆዩት! መንገዱ ተዘጋ። ተኩስ ተሰማ ተብሎ መኪና ቆመ፣ ስልኩም ጠፋ። በዚያው ክረምት ቄስ አድማሴ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ምግብ አልወርድ አላቸው። አንድ ጠዋት፣ «ሸጌ፣ ያን መስኮት አሁን አምጪልኝ። ጊዜ የለኝም» አሏት።

ምን ታድርግ? እንቢ ልበል ብትል አንጀቷ አልችል አለ። «ሞላ በውስጥ መንገድ ይወስደኛል» አለችና ወጣች። የሄደችው ግን ጎረቤቷ ውባንቺ ቤት ነው። ሁለት ቀን እዚያ ተደብቃ፣ ድሮ ያየችውን እያስታወሰች ቆረጠች። በደንብ ስላላስታወሰችው ወረቀቱን አራት አጠፈችው። ሲዘረጋ ውብ ሆነ። እንዲያውም ከሠራቻቸው ሁሉ አማረባት።

ቄስ አድማሴ ትራስ ተደግፈው ተቀበሏት። ጣታቸው የመሐሉን መስቀል አገኘ፤ ፊታቸው በራ። ወደ ላይ ሄደ፣ ዞረ፣ ወደ ታች ወረደ። የታችኛው ግራ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ ዳበሰ። እንደገና ዳበሰ።

«እዚህ ጋ ቀዳዳ አልነበረም» አሉ። «ይቺ ጥግ ጠራቢው ሳይበሳት የተዋት ናት። አውራ ጣቴን የማሳርፈው እሷ ላይ ነበር። ምን መታው፣ ልጄ?»

ሸጌ ክው አለች። «ምንም አልመታው አባዬ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።»

«አንቺማ አትሳሳቺም።»

«ኧረ በማርያም! አልሄድኩም አባዬ። ዋሽቼዎት ነው፤ ውባንቺ ቤት ነው ያደርኩት!»

ቄስ አድማሴ እጇን ፈልገው ያዙ። «አይ ሸጌ፣ እንዳላዝን ብለሽ ነው? ተይው፣ ገባኝ። ጥይት ያን ቤትም አልማረውም ማለት ነው።»

ውባንቺ መጥታ ማለች፤ ተገዘተች። «አንቺንም አስተባበረችሽ?» አሏት። ያ ሁሉ ዓመት ያልተሳሳተ የሸጌ እጅ መሰከረባት እንጂ ምን ይባላል! ሸጌ ትክክለኛውን ቆርጣ ልትሰጣቸው ሞከረች፤ ጥጓን ደፍና አመጣችላቸው። «አሁንማ ነገርኩሽ፤ ደፈንሽው» አሉና ወረቀቱን መለሱላት።

የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ሌላ ሰው ሳይኖር አወሯቸው። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን፣ «ቤቱ ተሰበረ» እንዳሉ አረፉ። የተሰበረ ነገር ሳይኖር! ሸጌን የገደላት ይኸ ነው። ሞቱን ሽማግሌ ናቸውና ትችለው ነበር። ሲገንዟቸው ከአባታቸው የወረሱት የብር የእጅ መስቀል ታጣ፤ ቤቱ ተገለባብጦ ቢፈለግም አልተገኘም። በለቅሶው ግርግር አንዱ ወሰደው ተባለ።

መንገዱ ሲከፈት ወራት አልፈው ነበር። ሸጌ በመጀመሪያው መኪና ሄደች፤ ጥዱን አልፋ ዋሻው ደረሰች። በሰሜን በኩል ዞረች። መስኮቱ እንዳለ አለ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። የታችኛዋ ግራ ጥግ አልተበሳችም። አውራ ጣቷን አሳረፈችባት፤ የሰው እጅ አለስልሷት ጎድጎድ ብላለች።

የንዋየ ቅድሳቱ ጠባቂ አባ ሰይፈ ሥላሴ አይተዋት መጡና ነፍስ ይማር ብለው አጽናኗት። ቀጥለው ከካባቸው ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የአባቷ መስቀል ነበር።

«የንስሐ አባታቸው በእግር ሲሻገሩ ይዘውት መጡ» አሏት። «አባትሽ ‹ለተሰበረው መስኮት መጠገኛ ይሁንልኝ› ብለዋል አሉ። እኛ ግን ዞረን ዞረን የተሰበረ አጣን፤ ስለዚህ አስቀመጥነው። የትኛውን ማለታቸው ይሆን?»

ሸጌ አውራ ጣቷን ከጥጓ አላነሳችም።

«ይኸን ነው» አለች።

«ይኸማ ምን ሆነ? ደህና አይደል እንዴ?»

«ደህና ነው አባ። የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለችና መስቀሉን ደረቷ ላይ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።