ከጉኑኖ ወደ ጎተንበርግ ያደረስኩት ጥያቄ

በኅዳር ወር ከሶዶ የተነሳሁት፣ የስዊድን ወደብ በሆነችው ጎተንበርግ በዩኒቨርሲቲ ለሚሰጥ የአሥር ቀን የጋዜጠኞች ሥልጠና ነው። ከመሄዴ በፊት ይህን የሰሙ አቶ አንጁሎ የሚባሉ የጉኑኖ ገበሬ ቤቴ ድረስ መጡ። ትልቋ ልጃቸው ምሕረት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ትማራለች። ትንሿ አስቴርም ዘንድሮ ተቀባይነት አግኝታ የአባቷን ፈቃድ ትጠብቃለች። ባለቤታቸው ያዘጋጁትን አንድ ጠርሙስ ዳጣ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ ለምሕረት እንዳደርስ ሰጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

"ምሕረት ምን እንደምትበላ አልጠይቅህም። ከማን ጋር ነው የምትበላው? እናንተ ጋዜጠኞች ትጨምራላችሁ ይባላል፤ ካየኸው ላይ አትጨምር። አስቴር የምትሄደውም የምትቀረውም በዚያ ነው።"

ወደቧ

በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ፣ ከዚያም በሁለት አውሮፕላን ጎተንበርግ ገባሁ። ዳጣው በሹራብ ተጠቅልሎ ሳይፈስ ደረሰ። ምሕረት ከትራም ፌርማታ ተቀበለችኝ። ወንዙ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ክሬኖችና መርከቦች ይታያሉ፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር በጎን ይመታል። በቦዩ ዳር ጣሪያው የሾለ ሕንፃ ሳይ ቆሜ ተሳለምኩ። ምሕረት እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ የዓሣ ገበያ ነው። እኔም የመጣሁ ሰሞን ተሳልሜዋለሁ።"

ዩኒቨርሲቲው

በማግስቱ የዩኒቨርሲቲውን በርና ጥበቃ ፈልጌ አጣሁ። አጥር የለውም። ሕንፃዎቹ በየሰፈሩ ከሱቅና ከመኖሪያ ቤት ጋር ተቀላቅለዋል፤ መታወቂያ የጠየቀኝም የለም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን የምሕረት ትምህርት ክፍል ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ተነሱ። ፕሮፌሰሩም ጽዳት ሠራተኛዋም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ለቡናና ለቀረፋ ዳቦ ተቀመጡ። ምሕረት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በዚህ ሰዓት ብቻዋን ቢሮ ትቀመጥ እንደነበር ነገረችኝ።

"ኑ እንብላ ያለኝ የለም። ሳይጠሩኝ እንዴት ልቀመጥ? እኔ ናቁኝ አልኩ፤ እነሱ ደግሞ ብቻዋን መሆን ትወዳለች ብለው ተዉኝ።"

በኋላ አንዲት አሮጊት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ምክንያቱን ጠይቃት ስትረዳ፣ እዚህ የሚጠራው ሰው ሳይሆን ሰዓቱ ነው ብላ እጇን ይዛ አስገባቻት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ምሕረት ክንዴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ዳጣው ተከፈተ። ፕሮፌሰሩ እንደ ማርማላታ ዳቦው ላይ ለቀለቁት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ደገሙ።

ማታ ማታ ግን ምሕረት ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። እሱንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ጉኑኖ

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ጉኑኖ ሄጄ፣ ሦስቱን ወራትም የማታውን ራትም ሳላስቀር ተናገርኩ። አስቴር የበሩን መቃን ይዛ ትሰማለች። አቶ አንጁሎ ማታ ሌሎቹስ ከማን ጋር እንደሚበሉ ጠየቁኝ። አብዛኞቹ ብቻቸውን ነው አልኳቸው።

"እንግዲያው ሁለት ሲሆኑ ይሻላል" አሉና ወደ አስቴር ዞሩ። "አንቺ ሦስት ወር አትጠብቂ። በመጀመሪያው ቀን ገብተሽ ተቀመጪ።"

ከዚያም ለባለቤታቸው፣ ዳጣው በዚህኛው ጉዞ ሁለት ጠርሙስ እንዲሆን ነገሯቸው፤ አንዱ ለፕሮፌሰሩ።